በሰባተኛውና በስምንተኛው ንጣፍ መካከል

መርማሪው በትንሿ መዶሻው የጀልባዋን ቀኝ ጎን እያንኳኳ ሲሄድ እኔ መሰላሉን ደግፌ ቆሜ ነበር። መሰላሉ መደገፍ አላስፈለገውም፤ ማንም አልወጣበትም። እጄ የሚይዘው ነገር ስለፈለገ ነው።

ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።

ጥሩ ፋይበር ሲመቱት እንደ ሸክላ ሳህን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የታመመ ከሆነ ካርቶን እንደመምታት ነው፤ ድምፁ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። መርማሪው ጆሮውን አስጠግቶ በየስንዝሩ ይመታል፣ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፣ እንደገና ይመታል። ወጣት ነው፤ ከልጄ በአሥር ዓመት ያንሳል። ሥራውን ግን ያውቃል።

«እነዚህ የድሮዎቹ እኮ አይሞቱም» አለ ቀና ብሎ። «ያኔ ፋይበር አዲስ ነገር ነበር፤ የሚሠራውም ሰው አላመነውም። ግማሽ ጣት ውፍረት ይበቃል ሲሉት ሙሉ ጣት እያደረገ ነው የሠራው። የዘንድሮዎቹን በአውራ ጣቴ ስጫናቸው ወደ ውስጥ ይገቡልኛል።»

«ሰማህ አባዬ?» አለች ልጄ ከጀልባዋ ላይ ሆና። «መንትያዬን እያሞገሰልህ ነው።»

«ሰማሁ» አልኩ።

መንትያዬ የምትለው ጀልባዋን ነው። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው ወደዚህ ዓለም የመጡት፤ ሁለቱም አርባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ስሙን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ልጄ ትንሽ ሳለች ወደብ ላይ አቁሜያት «ያችውልሽ፣ መንትያሽ መጣች» እላት ነበር። ሰው የሚፈራውን ነገር በቀልድ ሲጠራው የሚያለዝበው ይመስለዋል።

ጀልባዋ ከእጄ ከወጣች በኋላ ብዙ ባለቤት ቀያይራለች። በመጨረሻ ከመጋዘኑ ጀርባ ተጥላ፣ ሣር ውጧት፣ ወፍ ሰፍሮባት ልጄ አገኘቻት። የግቢው ሰዎች «ከወሰድሽልን ውለታሽን አንረሳም» አሏት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ ስትጠግናት ከረመች። ከላይኛው ወለል ሥር የታሸገው እንጨት እንደ ረጠበ ዳቦ ሆኖ በማንኪያ ነው የወጣው። ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት ብረቶች ዝገው እጃችን ላይ ተሰበሩ። ጎማው፣ ሽቦው፣ ቧንቧው ሁሉ ተጣለ። ቀፎዋን ግን አጠብናት እንጂ ምንም አላደረግናትም። ያን ሁሉ ዘመን ፀሐይና ጨው ስትጠጣ ኖራ ያው ነበረች። ያየ ሁሉ ተደነቀ። እኔም ሲደነቁ አብሬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ልጄ በዚህች ጀልባ ትልቁን ውኃ ልትሻገር ነው። ባሏ ማዶ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ቤት አዘጋጅቷል፣ ለልጃቸውም ትምህርት ቤት ይዟል። መንገዱ አራት ቀንና አራት ሌሊት ነው። የባሏ ወንድም መርከበኛ ስለሆነ አብሯት ይሄዳል። ነፋሱ ገና ለአሥር ቀን ያህል ከኋላ ነው። ከዚያ ይዞርና አምስት ወር ሙሉ ከፊት ይመጣል፤ ያኔ እሷን በምታህል ጀልባ መሻገር አይታሰብም።

መርማሪው ወደ ግራው ጎን ዞረ። እኔም መሰላሉን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

የግራው ጎን ሲሠራ በዎርክሾፑ ውስጥ ሁለት ነበርን፤ እኔና ቀስበል። ቀስበል ቅጽል ስሙ ነው። ሁሉን ነገር በዝግታ ይሠራል፤ ሌላው ሲጣደፍ ካየ ደግሞ «ቀስ በል እስቲ» ይላል። የሚሻከር ነገር ሲሰጡት መጀመሪያ ቦታውን በሙሉ በእርሳስ ያሰምርበታል፤ ከዚያ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። «መስመሩ ካለ እጄ አልደረሰበትም ማለት ነው» ይል ነበር። እኔ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ሥዕል ትስላለህ ወይስ ጀልባ ትሠራለህ?» እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

ጀልባ የምንሠራው የጀልባ ቅርጽ ባለው ትልቅ ገንዳ ውስጥ ነው። የፋይበሩን ጨርቅ ማንጠፍ፣ ሙጫ ማጠጣት፣ ደግሞ ማንጠፍ፣ ደግሞ ማጠጣት። ከውጭ ወደ ውስጥ አሥራ ሁለት ንጣፍ። ሕጉ አንድ ነው፤ የታችኛው ጨርሶ ሳይደርቅ የላይኛው ይመጣል። ያኔ ይናከሳሉ፤ አንድ አካል ይሆናሉ። ደርቆ ከሰነበተ ግን እንደ መስታወት ይለሰልሳል። በሸካራ ወረቀት ካላሻከሩት አዲሱ ንጣፍ ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይይዝም። እርጥብ ወረቀት መስኮት ላይ እንደመለጠፍ ነው። የያዘ ይመስላል፤ አንድ ቀን ይለቃል።

ቀኝ ጎኗን ጨርሰን፣ በግራው ሰባተኛውን ንጣፍ እንዳስገባን ጎረቤታችን እየሮጠ መጣ። ሚስቴን ምጥ ይዟታል። ብሩሹን ጥዬ ሮጥኩ። ምጡ ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናቷ ግን ብዙ ደም ፈስሷት ቀና ማለት አቅቷት ነበር። በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ የዎርክሾፑ ባለቤት ሰው ላከብኝ። ነገ ገዢው ሊያያት ይመጣል፤ የግራው ጎን ዛሬ ማለቅ አለበት።

ስደርስ መብራቱ ደብዛዛ ነበር። ቀስበል ብቻውን የመጀመሪያውን ሙጫ ቀብቶ ጨርሷል። ጎኑ በሙሉ ረጥቦ ያበራል፤ ከሙጫው ሥር ያለው አይታይም። ባልዲውም ተበጥብጧል። ማጠንከሪያ አንዴ ከገባበት ሙጫው ሳይደርቅ ያለው ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው።

ወለሉን አየሁ። አንድ ጎን በሙሉ የተሻከረበት ቤት በነጭ አቧራ ተሞልቶ ወፍጮ ቤት ይመስላል። ወለሉ ግን ንጹሕ ነበር።

ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው። «አሻክረኸዋል?» ማለት። አላልኩም። «አላሻከርኩም» ካለኝ ሙጫው ተጠርጎ ሊጣል፣ እኛም ስናሻክር ልናድር፣ ሚስቴም ከአራስ ልጇ ጋር ብቻዋን ልትሆን ነው። ቀስበል ራሱ «ቀስ በል እስቲ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» ብሎ ጀምሮ ነበር።

«በኋላ ትነግረኛለህ፤ ጨርቁን አቀብለኝ» አልኩት።

አቀበለኝ። ቀስበል አንዴ የተቋረጠ ወሬ ደግሞ የሚጀምር ሰው አልነበረም።

በማግስቱም አልጠየቅኩትም። በወሩም አልጠየቅኩትም። ጥያቄ ሲያድር ይከብዳል፤ ሲሰነብት ደግሞ ጭራሽ አፍ ላይ አይመጣም። ከዚያ ወዲህ በሠራሁት ጀልባ ሁሉ ከታዘዝኩት አንድ ንጣፍ እጨምራለሁ። የወደቡ ሰዎች ለዚህ ነው «ድርቤ» ያሉኝ። ጠንቃቃ መስያቸው ነው። ቀስበል ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፤ መልሱንም ይዞት ሄደ።

ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።

የግራው ጎንም ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ይህ የማያጽናና መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ንጣፍ ሳይናከስ ተጠጋግቶ ብቻ ቢቀመጥም፣ መሃሉ አየር እስካልገባ ድረስ ድምፁ አንድ ነው። የሚላቀቀው እንዲህ ግቢ ውስጥ ቆሞ አይደለም። ማዕበል ቀንና ሌሊት ሲያላጋው፣ ዳርቻ በማይታይበት ቦታ ነው።

«ግሩም ነች» አለ መርማሪው መዶሻውን በጨርቅ እየጠረገ። «አባባ፣ እርስዎ ነዎት አሉ የሠሯት። በመዶሻ የማይሰማ፣ ሊነግሩኝ የሚገባ ነገር ይኖራል?»

ሁሉንም ሰው የሚጠይቀው የሥራ ጥያቄ ነው። ልጄ ከላይ ወደኔ ታያለች፤ ጉንጯ ላይ ቀለም ነክቷታል፤ ፈገግ ብላለች።

«ምንም የለም» አልኩ።

የምርመራ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመና ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ክሬኑ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ሾፌሩ ወፍራም፣ ተረበኛ ሰው ነው። «ጋሽ ድርቤ! ይቺ ነች መንትያዋ?» ብሎ ጮኸ። «ያን ሁሉ ንጣፍ አልብሰዋት፣ ክሬኔን ጭምር ውኃ ውስጥ ሊከቱብኝ ነው እንዴ?» ሰዎቹ ሁለት ሰፋፊ ቀበቶ በሆዷ ሥር አዞሩ። አንደኛው ቀበቶ የግራውን ጎን መሃል ላይ ያዘው።

የልጅ ልጄ ከውስጥ ጠራችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ «ከመሄዳችን በፊት አልጋዬን እይልኝ» እያለች ከጠዋት ጀምሮ ስትለምነኝ ነበር። በመሰላሉ ወጥቼ ገባሁ። አልጋዋ በግራ በኩል ነው፤ ጠባብ ነው፣ ከቀፎው ጋር የተጣበቀ። ብርድ ልብሷን አንጥፋለች። ከትራሱ በላይ ከወረቀት የቆረጠችውን ቀይ ዓሣ ለጥፋለች። ጋደም አለችና ጆሮዋን ከቀፎው ጋር አጣበቀች።

«አያቴ፣ ስንሄድ እዚህ ጋ ውኃው ይሰማኛል አይደል?»

«ይሰማሻል።»

«ከውኃው ምን ያህል ነው የምርቀው?»

በጣቴ ላሳያት እጄን አነሣሁ። ግን ሳላሳያት መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ውጭ ሰዎቹ ቀበቶውን ሲወጥሩት ከቀፎው ጋር ተፋተገና ሲጥ አለ። ልጅቷ ሳቀች። «ሰማኸው? ታወራለች!»

«ተነሺ» አልኳት። «ተነሺና ወደ እናትሽ ሂጂ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ሂጂ ብቻ።»

ተከትያት ወጣሁና ሁለት እጄን ወደ ክሬኑ አነሣሁ። «አቁም! አታንሣት!»

«ገና መቼ አነሣኋትና!» አለ ሾፌሩ።

ልጄ ቀበቶው የተንሸራተተ መስሏት ከሥር አጎንብሳ አየች። ለመሄድ የተነሣው መርማሪም ተመለሰ። ባርኔጣዬን አውልቄ እያሻሸሁ እዚያው ነገርኳቸው። ያን ሁሉ ዘመን የተሸከምኩት ነገር ተነግሮ ለማለቅ ሻይ የሚፈላበትን ያህል እንኳ ጊዜ አልፈጀም።

ልጄ ከቀበቶው ሥር ቀና አለች። ከዚያ «አላሻከረውም ነው የምትለኝ፣ ወይስ ምናልባት አላሻከረውም ይሆናል ነው?» አለች።

«አላውቅም።»

«አላውቅም!» ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም። «ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቆመህ ቀለም ስትቀባ አላውቅም! ልጄን አስተኝቼባት ልሄድ፣ ቀበቶ ታስሮላት፣ አሁን አላውቅም!»

«ልነግርሽ ብዬ...»

«መቼ? ማዶ ስደርስ በስልክ?»

ሰዎቹ ከቀበቶው ላይ እጃቸውን አንሥተው ወደ መሬት ያያሉ።

መርማሪው የፈረመበትን ወረቀት አውጥቶ ለሁለት አጠፈው። «አባባ፣ ይህን ከሰማሁ በኋላ ይሄ ወረቀት አይሠራም» አለ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ያለን መንገድ አንድ ነው። ከውስጥ በኩል አምስቱን ንጣፍ ፍቀን መጋጠሚያውን በዓይናችን እናያለን። ከያዘ የፋቅነውን መልሶ መድፈን የሁለት ቀን ሥራ ነው።»

«ካልያዘስ?» አለች ልጄ።

«የግራው ጎን በሙሉ ተልጦ እንደገና ይሠራል። ሁለት ወር ቢያንስ።»

በሁለት ወር ነፋሱ ዞሯል፤ ትምህርት ቤቱም ተከፍቷል። ይህን ማንም መናገር አላስፈለገውም። ልጄ ጓንቷን አጠለቀች። «ግራይንደሩን ስጠኝ» አለችኝ። «አንተ አትነካውም። አንተ ቁጠር።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ለልጅቷ በሩን ከፈተላት። «ነይ አንቺ ካፒቴን፣ ይሄ ዝሆን በየት በኩል እንደሚነዳ ላሳይሽ።» ልጅቷ ወደ እናቷ አየች፤ እናቷ በአገጯ ፈቀደችላት።

አልጋውን አነሣን። ልጄ ቀዩን ዓሣ በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠችውና የደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው። አፋችንን በጭምብል ሸፍነን ሦስታችንም ጠባቡ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ተቀመጥን። ሳህን የሚያህል ክብ በጠመኔ አሰመርኩላት። ዲስኩ ሲነካው ጮኸ፤ ነጩ አቧራ መብራቱን ሸፈነው። ሙጫው ሲሞቅ ያ የጥንቱ ሽታ ወጣ፤ ሚስቴ «ከነልብስህ አትግባብኝ» የምትለኝ ሽታ።

የጨርቁ ሽመና ብቅ ሲል አንድ ንጣፍ አለቀ ማለት ነው። «አንድ» አልኩ።

ልጄ እጇ አይንቀጠቀጥም። በዚህ እናቷን ነው የወጣችው።

«ሁለት።»

መርማሪው በየመሃሉ አቧራውን በብሩሽ ይጠርጋል።

«ሦስት። ቀስ በይ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። ልጄ በመነጽሯ ውስጥ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«አራት። አምስተኛው ላይ ነሽ። ከዚህ በኋላ አጋድለሽ ያዢው፤ ቁልቁለት ይሁን እንጂ ጉድጓድ እንዳይሆን።»

ስምንተኛውን ባነጠፍንበት ማታ አዲስ በርሜል ሙጫ ተከፍቶ ነበር፤ ከፊተኛው ጠቆር ያለ፣ የሻይ መልክ ያለው። ስለዚህ መጋጠሚያውን ፈልገን አናጣውም። ዓይኔን ከዲስኩ ላይ አልነቀልኩም። ከሻዩ መልክ ሥር ፈዘዝ ያለ፣ ገለባ የሚመስል ቀለም ሲያበራ «አቁሚ!» አልኩ። ግራይንደሩ ዝም አለ። ጆሯችን ግን መጮኹን ቀጠለ።

ልጄ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። መስመሩ ይኸው ነበር። አንድ ክር የሚያህል፣ ከላይ ሻይ፣ ከታች ገለባ። አርባ ሦስት ዓመት በሐሳቤ ሳየው ግን ሰፊ ነበር።

መርማሪው መሮውን መስመሩ ላይ ደገነ። «ካልተናከሰ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ብድግ ይላል» አለ ለልጄ። መታ። ምንም የለም። ሁለተኛ መታ፣ ጠንከር አድርጎ።

ቋ!

የጥፍር ያህል ስባሪ ዘልሎ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። መርማሪው ስባሪውን አንሥቶ ወደ መብራቱ አስጠጋ፤ አገላበጠው፤ እንደገና አገላበጠው።

«ተናገር እንጂ!» አለች ልጄ።

«መስመሩ ላይ አይደለም የተሰበረው። ከመስመሩ በላይ፣ ራሱ ጨርቁ ነው የተቀደደው። መጋጠሚያው ይዟል።»

ልተነፍስ ስል እጁን አነሣ። «አንድ ቦታ ግን አንድ ጎን አይሆንም። ሰው ፊት ለፊት ያለውን በደንብ ሊሠራ ይችላል። የማይታየውን ማየት አለብኝ። ወደ አፍንጫዋ፣ ሸራው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ።»

ትክክል ነው። እኔ ብሰንፍ የምሰንፈው እዚያ ነው። ጠባብ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ሰው በደረቱ ተስቦ ነው የሚገባው። ያኔም የገንዳው ጫፍ እዚያ ጋ እንደ ቋት ይጠብ ነበር፤ ክርን አያስዘረጋም።

ልጄ በደረቷ ተሳበች። እኔም ከኋላዋ ተጋድሜ በትከሻዋ በኩል ባትሪ አበራሁላት። እዚህ ግራይንደሩ ጭንቅላታችን ውስጥ የሚጮኽ ይመስላል። አንድ። ሁለት። ላቧ ከአንገቷ እየወረደ አቧራውን ሊጥ አደረገው። ሦስት። ክንዷ ዝሎ እጇን ቀየረች። አራት። አምስተኛው ላይ ሻዩ ሳሳ፤ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ሆኖ ከሥሩ ያለው መታየት ጀመረ።

«አቁሚ። ጥረጊው።»

ጠረገችው። ባትሪውን በጎን አጋደልኩት።

ከሻዩ ሥር ጭረት ነበር። አንድ ሁለት አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠር፣ የተጋደመ፣ የተሻገረ፣ ጠቆር ያለው ሙጫ ገብቶ የሞላው ጭረት።

«ይሄ የኔ ዲስክ የጫረው ነው?» አለች።

«ያንቺ ላዩ ላይ ነው። በጣትሽ ዳሰሽው።» ዳሰሰችው። «ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም። ለስላሳ ነው።»

«ከሥር ስለሆነ ነው።»

ወደ ጥጉ ባትሪውን ስወስደው ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ሁለቱ ጎኖች በሚገናኙበት፣ ሸካራ ወረቀት የያዘ እጅ በማይገባበት ሸለቆ ውስጥ፣ ግራጫ መስመር ነበር። ፀጉር የሚያህል ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ስንዝር የማይሞላ። አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ ጠረግኩት። አልጠፋም። ከሙጫው ሥር ነው።

«ምንድን ነው አባዬ?»

ባትሪውን አስጠጋሁት።

«አባዬ! ስንጥቅ ነው?»

«እርሳስ ነው» አልኩ።

እዚያ ውስጥ ድረስ ተስቦ ገብቶ አስምሯል። መስመሩን ሁሉ አጥፍቶ ይህችን ስንዝር ብቻ እጁ አልደረሰባትም። ከዚያ ወጥቶ አቧራውን በሙሉ ጠርጎ፣ ወለሉን አጽድቶ ነው የጠበቀኝ። ቀስበል ቆሻሻ ወለል ላይ ቆሞ ሙጫ የሚበጠብጥ ሰው እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ለዓመታት አብሬው ሠርቻለሁ፤ አውቅ ነበር። ሊነግረኝ የጀመረውም ይህንኑ ይሆናል። ወይም «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሊለኝም ይሆናል። እሱን ማን ያውቃል።

መርማሪው በተራው ተስቦ ገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ እኔን አክሏል። «እኔ ብሆን እዚያ ድረስ አልገባም ነበር» አለ። «ሰውዬው አለ?»

«የለም።»

የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋና በመዳፉ አለሰለሰው። «ድፈኑት። ከነገ ወዲያ ጠዋት መጥቼ ድፍኑን አይና እሰጣችኋለሁ።»

ሾፌሩ ወሬውን ሲሰማ በመስኮቱ ብቅ አለ። «እንግዲያው ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ። ግን ጋሽ ድርቤ፣ ሌላም የሚናዘዙት ካለ አሁኑኑ ይጨርሱልኝ፤ ይቺን ቀበቶ ሦስተኛ አላስርም!»

እኔና ልጄ ብቻችንን ቀረን። ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደች።

«ቀስበል ማለት ያ እርሳስ እየቆረጠ ይሰጠኝ የነበረው ሰውዬ አይደል?»

«እሱ ነው።»

«ቤት ይመጣ ነበር። ስንት ጊዜ አጠገብህ ተቀምጦ ራት በልቷል።»

«ስንት ጊዜ።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

መነጽሯን አውልቃ አቧራውን ጠረገች። «አልተቀየምኩም ብዬ አልዋሽህም» አለች። «ማዶ ደርሼ፣ ተረጋግቼ፣ በደንብ እቆጣሃለሁ። አሁን ሥራ አለን።» ከዚያ እጇን ወደ ጆሮዬ ዘረጋችና እዚያ የምሰካውን እርሳስ ወሰደችብኝ።

የፋቀችውን ጎድጓዳ ከነዳሩ በሙሉ አሰመረችበት። ከዚያ ሸካራውን ወረቀት ይዛ ማሸት ጀመረች። እኔ ጨርቁን በልኩ ቆረጥኩ።

«ስንት ቆረጥክ?» አለች ዞር ሳትል።

«ስድስት።»

«አምስት ነው የፋቅነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰባት አለማለትህ!» አለች። ሳቅ ያለ መሰለኝ፤ ፊቷን ግን አላየሁትም።

ሙጫውን ባልዲው ውስጥ ለካሁ። የማጠንከሪያውን ጠርሙስ ከፍቼ ባልዲው አፍ ላይ አጋደልኩትና ያዝኩት። ከገባ ሃያ ደቂቃ ነው። ጠርሙሱን መልሼ አቀናሁት።

«አሻክረሽዋል?» አልኳት።

«አሻክሬዋለሁ።»

«ዳሩንም?»

«ዳሩንም፣ አባዬ።»

«አሳዪኝ።»

ባትሪውን ይዛ ፈቀቅ አለችልኝ። ጓንቴን አውልቄ ከዳር እስከ ዳር በጣቴ ሄድኩበት፤ ሳልቸኩል፣ በየስንዝሩ። ከታች በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል የእርሳስ ጫፍ ቀርታለች።

«እዚህች ጋ» አልኩ።

ጎንበስ ብላ አየቻት። ወረቀቱን በትንሿ ጣቷ ጠቅልላ አሸቻት፤ አሸቻት፤ እፍ አለችበት።

«አሁንስ?»

«አሁን ጠፋች» አልኩና ማጠንከሪያውን ጨመርኩ።